ጣና ዳር ስትወጡ ከድንጋዩ ጀምሩ

ተማሪዎቼን ጣና ዳር ይዤ ስወጣ መጀመሪያ የማስይዛቸው ድንጋይ ነው። ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ። ባሕር ዳር ውስጥ የትም አለ። አጥሩ የሚካበው በሱ ነው፤ የቤት መሠረት የሚወጣው በሱ ነው። «ይሄ ቀዳዳ ከየት መጣ?» እላቸዋለሁ። አንዱ ውሃ ቦረቦረው ይላል። ሌላው ትል በላው ይላል። ከዚያ እናታቸው እንጀራ ስትጋግር አይተው እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው አየር ሽቅብ ይወጣና ዓይን ይሠራል። ይህም ድንጋይ አንድ ጊዜ እንደ ሊጥ የሚፈስ፣ የቀለጠ ነገር ነበር። በውስጡ የነበረው ጋዝ እየወጣ ሳለ ቀዘቀዘ። ዓይኑም እንዳለ ደርቆ ቀረ።

የጣና እናት ይህ ድንጋይ ነው። ከሐይቁ በስተደቡብ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የዓባይን መውጫ ዘጋው። ውሃውም ከኋላው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ጣና ሰፊ ሆኖ ጥልቅ ያልሆነው ለዚህ ነው። ስፋቱ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሲመቸኝ የሐይቁን ደቡብና ምዕራብ ዳር፣ የጎጃሙን ወገን ማለት ነው፣ በእግርና በጀልባ እዞራለሁ። ወዳጅ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ፤ «ግማሽ ቀን አለኝ፣ ስንት ገዳም እደርሳለሁ?» ሦስት አራት ገዳም በጀልባ ያካልሉና ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። ከሳምንት በኋላ የትኛው ሥዕል የት እንደነበር አያስታውሱም።

እኔ የምለው ሁለት ቀን መድቡ ነው። ቦታውን ግን አሳንሱ። አንዱን ቀን ለድንጋዩና ለውሃው፣ ሌላውን ጫካና ገዳማት ላሉበት ለዘጌ አድርጉት። እዚህ አገር የተፈጥሮውንና የሰውን ሥራ ለያይቶ ማየት አይሆንም። ድንጋዩ ሐይቁን ሠራ። ሐይቁ ዓሣውንና ደንገሉን አበቀለ። ሰው ደግሞ ጫካውን ሠራ። አዎ፣ ጫካውን ሰው ነው የሠራው። ዘጌ ስንደርስ አሳያችኋለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት

የምትሄዱበትን ወር አስቡበት። ሐይቁ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ጢም ይላል። ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ይሸሻል። ዳሩን በእግር ማየት የሚፈልግ ሰው ውሃው ሲሸሽ ይሂድ። ጢስ ዓባይን በሙሉ ጉልበቱ ማየት የሚፈልግ ነሐሴና መስከረምን ይምረጥ። ወፍ ለማየት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደስ ይላል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ያኔ እዚሁ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ አታገኙትም። እኔ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ግንቦትን እመርጣለሁ። ሙቀቱ ይከብዳል፤ መሬቱ ግን ራሱን ገልጦ የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው።

ዕቃ አታብዙ። የኔ ቦርሳ ውስጥ ደብተር፣ እርሳስ፣ ትንሽ ማስመሪያ፣ ባይኖክላር፣ ሁለት ሊትር ውሃና ቆሎ አለ። ነጠላም አይለየኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይለብሱ አይገባም። እርሳስ ያልኩት ቀለም በእርጥበት ስለሚለቅ ነው። ማስመሪያው ለፎቶ ነው። አንድ ነገር ስታነሱ ማስመሪያውን ከጎኑ አስተኙት። ያለዚያ ከዓመት በኋላ ፎቶውን ስታዩት የአውራ ጣት ያህል ይሁን የጋን ያህል መለየት ያቅታችኋል።

ጫማችሁን አውልቃችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ውሃው ጠርቷል ብላችሁ አትታለሉ። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ለወባም የሚቀባ ነገር ያዙ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዋዜማው የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። አይሆንም ከተባላችሁ ቀኑን ቀይሩ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ድንጋዩና ውሃው

በጠዋት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጡ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። ከዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ሲሄድ ይታያል። ውሃው አንድ ቦይ ይዞ አይሄድም። በጥቁር ድንጋይ መካከል እየተከፋፈለ፣ ትንንሽ ደሴት እያበጀ ነው የሚወጣው። ያ ድንጋይ ቅድም በእጃችሁ የያዛችሁት ነው። ሐይቁን የዘጋው ግድግዳ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም፤ ዓባይ እላዩ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። መውጫው ላይ ጨራጨራ የሚባለው ግድብ አለ። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ በከፊል ሰው የሚወስነው በሱ በኩል ነው።

ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ ሂዱ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙው ውሃ ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ በበጋ ሲቀጥን ሰው ያዝናል። እኔ ግን በበጋውም ተማሪ ይዤ እሄዳለሁ፤ ውሃው ሲቀንስ ገደሉ ይታያል። ዓለቱ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ድርብ ከየቱ በላይ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ በእርሳስ ሣሉት። ሥዕል አልችልም አትበሉ። መስመር ብቻ ይበቃል። እጅ ሲሥል ዓይን የሚያየው ይጨምራል።

ይህ ገደል ከውበቱ ሌላ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ በር ዘግቷል። ስለዚህ ጣና ውስጥ የቀሩት ዓሦች ለብቻቸው ኖሩ፤ ለብቻቸውም ተለወጡ። ነጭ አሳ የምንለው ወገን ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚሆን ዓይነት አለው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው ይህ ወገን አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም። የሚፈጭበት ጥርስ ያለው ጉሮሮው ላይ ነው። ጥርስ ሳይኖረው አዳኝ ሆነ።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይን ማየት ይቻላል። በማግስቱ ማለዳ ዓሣ የሚወርድበት ዳር ሂዱና ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶች አስፈቅዱ። ከዚያ የዓሦቹን አፍ ብቻ ተመልከቱ። አንዱ አፉ ወደ ታች የተሠራ ነው፤ ከጭቃ ላይ ይለቅማል። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። አንዱ አፉ ትልቅና ወደ ላይ የቀና ነው፤ ያ አዳኙ ነው። ቀረሶና አምባዛም እዚያው አሉ፤ እነሱ ከሌላ ወገን ስለሆኑ አታቀላቅሏቸው። አንዲት የማውቃት ዓሣ አጽጂ፣ እትዬ እላታለሁ፣ ሆዱን ሳትከፍት «ይሄ ዓሣ በልቶ ያደረ ነው፣ ይሄ ሣር በልቶ ያደረ ነው» ትላለች። ከፍታ ስታሳየኝ እንዳለችው ነው። ከሷ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ከተማርኩት አያንስም።

ጢስ ዓባይ ስትደርሱ ከፏፏቴው በታች ያለውን የአላታ ድልድይ ሳታዩ አትመለሱ። በ1600ዎቹ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። በችኮላ ተሻግራችሁ አትለፉ። ጎንበስ በሉና በድንጋዩ መሐል ያለውን ማጣበቂያ እዩ። ኖራ ነው። ይህ ለጀማሪ በጣም የሚጠቅም ምልክት ነው። ኖራ አቃጥሎ ለግንብ መጠቀም በዚህ አገር በስፋት የተጀመረው በሱስንዮስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ድንጋይ በጭቃ ወይም ያለ ምንም ይካብ ነበር። ስለዚህ ጣና ዳር አሮጌ ግንብ ስታዩ መጀመሪያ በድንጋዩ መሐል ያለውን ነገር ጠይቁ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ የድንጋይ ግንብም ከዚያው ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ለጴድሮ ፓኤዝ የሚሰጡት አሉ። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው የስፔን ተወላጅ ነው። ግንቡ ከተማ ውስጥ ስለሆነ በእግር ደርሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ገል ስታገኙ

አሁን ልቤ ወደሚያዝንበት ነገር ልምጣ። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ተማሪዎቼን አንድ ዳር ላይ ወሰድኳቸው። ዝናብ ያጠበው መንገድ ላይ ገል ሞልቶ ነበር፤ የተሰበረ የሸክላ ዕቃ ማለቴ ነው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ለቀሙ። እኔም አበረታታሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ ይዘን ተመለስን። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ጥንት ነገር የሚያጠና ሰው መጥቶ ካርቶኑን አየና አንዱን አነሣ። «ይሄ ከየት ነው? ከዚህኛው ጋር አንድ ቦታ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የቱ ከየት እንደተነሣ ማንም አልጻፈም። ሰውየው ገሉን ቀስ አድርጎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ገል አንስቼ አላውቅም።

ገል ዋጋ የሚኖረው ከተኛበት ቦታ ጋር ነው። ከጎኑ ምን ነበር? ከሥሩ ምን ዓይነት አፈር ነበር? ከምድጃ አጠገብ ነው ወይስ ከካብ ሥር? ይህ ከጠፋ የቀረው ሸክላ ብቻ ነው። ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በራስ ሥልጣን መቆፈርም አይፈቀድም። ስለዚህ እዩ፣ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ጻፉ፣ ባለበት ተዉት። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ።

ሳያነሱም ቢሆን ብዙ ማወቅ ይቻላል። ገሉ ጠርዝ ያለው ከሆነ የዕቃው አፍ ነው። የጠርዙን ጉብጠት በዓይናችሁ ቀጥሉና ክቡን ሙሉት። ጠባብ ከሆነ እንስራ፣ ሰፊ ከሆነ ድስት ወይም ጋን ሊሆን ይችላል። ውጭው በጥላሸት የጠቆረ ከሆነ እሳት ላይ የዋለ ነው። ጉብጠት የሌለው፣ ልሙጥ፣ አንድ ፊቱ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ ካገኛችሁ ምጣድ ነው። ያ ማብለጭለጭ ከጎመን ዘርና ከስንት እንጀራ የመጣ ነው። አንዲት ሴት እዚያ ቦታ ላይ ጋግራለች ማለት ነው። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች፤ የኛ ቤት ምጣድም ሲሰበር ከጓሮ ነበር የሚጣለው።

ወፍጮና መጅም ይገኛል። ወፍጮው መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መጁ በእጅ የሚያዘው ነው። መጅ ከተራ ድንጋይ የሚለየው አንድ ፊቱ ተልጎ ለስልሶ ስለሚገኝ ነው። መዳፋችሁን አስተኙበት። ይታወቃችኋል።

ባልጩት ደግሞ ከሁሉም ይረቅቃል። ጥንት ከብረት በፊት መቁረጫና መፋቂያ የሚሠራው ከሱ ነበር። በእጅ የተመታ ባልጩት ምልክት አለው። ከተመታበት ጫፍ ሥር ትንሽ እብጠት ይኖረዋል፤ ከዚያ እብጠት ውሃ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚሰፋው ክብ ክብ መስመር ይወጣል። ጠርዙ ስለት ነው። ውሃ ያንከባለለው ድንጋይ ግን ጠርዙ ሁሉ የደነዘዘ ነው። እብጠቱንና ስለቱን አንድ ላይ ካያችሁ የሰው እጅ ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ ካያችሁ አትቸኩሉ፤ የከብት ኮቴና ማረሻም ድንጋይ ይሰብራል።

መሬቱ የሰው ማሳ መሆኑንም አትርሱ። ከገበሬው ሳታስፈቅዱ አትግቡ። በኛ አገር «አያ፣ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ሰላምታ የሰጠ ሰው በሩ አይዘጋበትም። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ያሳያችኋል። አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ዳር ወስደው የተደረደረ ድንጋይ አሳይተውኛል። «አያቴ ሲያርስ ማረሻው ይይዘው ነበር፤ እኛም ዞረን እናርሳለን» አሉኝ። ሦስት ትውልድ ዞሮ ያረሰው ድንጋይ ነው። ለምን እንደሚዞሩ ስጠይቃቸው «የሰው ቤት ነበር ይባላል» ብቻ አሉ።

ዘጌ

ወደ ዘጌ በመኪናም ይኬዳል፤ እኔ ግን በጀልባ ሂዱ እላለሁ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በጠዋት ውጡ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል። ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ጉዟቸውን በማለዳ ይጨርሳሉ።

ታንኳ ስታዩ ጀልባችሁ ቀስ እንዲል ለምኑ። ደንገል ታስሮ የተሠራ ነው። ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅለው፣ አናቱ ላይ እንደ ጭራ የሚበተነው ረጅም ተክል ነው። ግንዱን ብትቆርጡት ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ ነው። የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ከተሠራ ብዙ አይቆይም፤ በየጊዜው ይታደሳል። በጥንት ግብፅ ሥዕሎች ላይ ያለው ጀልባ ከዚሁ ተክል ነው የሚታሰረው። የታንኳ ሥራ በተለይ የነገደ ወይጦ እጅ ነው። ውሃ ላይ መኖርን ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሲሠሩ ለማየት ብትጠይቁ ደስ ይላቸዋል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ሥራውን እዩ፤ ጠይቁም።

መሐል ሐይቅ ስትደርሱ ደግሞ ይህን አስቡ። ደለሉ ተቆፍሮ ሲጠና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር ታይቷል። በኋላ ረግረግ ሆነ፤ ደንገልም በቀለበት። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው እንደገና የሞላው። ጀልባው የሚሄድበት ቦታ በእግር የሚኬድበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

በመንገድ ላይ ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም አለ። ወንዶች ይወጣሉ። ለሴት አይፈቀድም፤ እኔም ሕጉን አከብራለሁ። ወንዶቹ እስኪመለሱ ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ የደሴቱን ዳር አያለሁ። ውሃው የሚመታው ድንጋይ ላይ ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ዓሣ ሊይዙ ሲጠልቁ ላባቸው ውሃ ስለሚይዝ ነው የሚያደርቁት። ድንጋዩ ላይ ደግሞ የከፍታ መስመር አለ፤ ከታች ነጣ ያለ፣ ከላይ የጠቆረ። ውሃው በጥቅምት የት እንደነበር ያ መስመር ይነግራችኋል። አንድ ቀን በማስመሪያ ለካሁት። የሐይቁን ከፍና ዝቅ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ያወቅኩት በዚያ ነው።

ዘጌ ስትወርዱ ቶሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አትሩጡ። መንገዱ ላይ ቁሙና ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ መሐል፣ ከዚያ ወደ ታች እዩ። ከላይ ትልልቅ ዛፍ ነው፤ ዶቅማ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ሾላ። ከመሐል ቡና ነው። ከታች ጌሾና የቡና ችግኝ። አልፎ አልፎ ሎሚ። ይህ ዝም ብሎ የበቀለ ጫካ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዘጌ መጡ የሚባሉት አቡነ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለዚህ ምድር እንደሰጡ በትውፊት ይነገራል። በሬ ጠምዶ ማረስም በዘጌ ክልክል ሆኖ ቆይቷል። ሕዝቡ በማረሻ ፋንታ በቡናና በጌሾ ኖረ። ዙሪያው ሁሉ ሲታረስና ሲመነጠር ዘጌ ጥላውን እንደያዘ ቀረ።

ጫካውን ሰው ሠራው ያልኩት ይህንን ነው። አንድ ሕግ ለመቶዎች ዓመታት ተጠብቆ የተወው ቅርስ ነው። ከግንብ የሚለየው ሕያው መሆኑ ብቻ ነው። ማረሻ ያልገባበት መሬት ደግሞ ሆዱ አልተገለበጠም። ገሉም፣ ካቡም፣ አመዱም እንደተኛ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ አትውጡ። አትጫሩ።

ብርብራውን ለይታችሁ እወቁት። ሰፋ ያለ፣ እንደ ባቄላ ጠፍጣፋ ፍሬ ያንጠለጥላል። ለቡና ጥሩ ጥላ ነው። የፍሬው ዱቄት ግን ዓሣን ያደነዝዛል፤ ከጥንት ጀምሮ ለዓሣ ማጥመጃ ይውል ነበር። ነጭ አሳው በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ሲወጣ ይህ ዱቄት ወንዙ ላይ ቢበተን ትውልዱን ይጨርሰዋል። ሐይቁ በሩን ዘግቶ ለብቻው ያሳደገውን ዓሣ በአንድ ቀን ማጥፋት ይቻላል።

የድሮ ቤት የነበረበትን ቦታም ከዕፅዋቱ ታውቁታላችሁ። ሰው የሚተክለው ነገር ሰው ከሄደ በኋላ ይቀራል። በጫካው መሐል በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ሎሚ፣ እንዶድና ጌሾ፣ ከጎኑ የፈረሰ ካብ ካያችሁ ቆም በሉ። ጓሮ ነበር ይሆናል። ቦታውን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ከገዳማቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። እኔ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እመርጣለሁ፤ ሴትም ትገባለች። ከመግባታችሁ በፊት ደወሉን ጠይቁ። ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ድንጋይ ነው። ሲመቱት እንደ ብረት ይጮሃል። አባን አስፈቅዳችሁ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ከዚያ መሬት ላይ ያለ ሌላ ድንጋይ አንኳኩ። ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ስንጥቅና ቀዳዳ የሌለው ድንጋይ ነው የሚዘምረው። እንጀራ ዓይን ያለው አይጮህም።

ውስጡ ክብ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ሁሉንም ለማየት አትታገሉ። አንድ ግድግዳ ፊት ቁሙና በሥዕሉ ውስጥ ያለውን የዕለት ነገር ፈልጉ፤ ልብሱን፣ ኮርቻውን፣ ገበታውን፣ ጦሩን። ሠዓሊው ቅዱሳንን ሲሥል የራሱን ዘመን ዕቃ ነው ያስያዛቸው። ጫፍ ጫፉን ስታዩ ደግሞ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ታያላችሁ። በእጃችሁ አትንኩት። ፍላሽ አታብሩ። ብርሃኑ ቀለሙን በቀስታ ይበላዋል፤ የናንተ አንድ ጊዜ ትንሽ ቢመስልም በቀን ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ

በዘጌና በባሕር ዳር መካከል የእንፍራንዝ ረግረግ አለ። ብዙ ሰው በመኪና ሲያልፍ አያየውም። የባሕር ዳር ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የጠጣው ውሃ ግን ከእንፍራንዝ ምንጮች ነው። ደንገሉ ደለል ይይዛል፣ ውሃውን ያጣራል፣ ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ይሆናል። ደንገል ተነቅሎ ጫት ወይም ሌላ ነገር ሲተከል ስታዩ የጠፋው ሣር ብቻ አይደለም። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ረግረጎቹ የዚህ ልብ ናቸው።

እምቦጭንም መለየት ልመዱ። ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እሱ ነው። አብዛኛው በሰሜንና በምሥራቁ ዳር ነው ያለው። በጎጃሙ ወገን አዲስ ቦታ ላይ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ለሚመለከተው ቶሎ አሳውቁ። በጀልባችሁ ሥር ተጣብቆ ከቦታ ወደ ቦታ እንዳትወስዱትም ተጠንቀቁ።

ሲመሽ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይታያል። ቀን ላይ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ጆሮና አፍንጫውን ብቻ ያሳያል። ጀምበር ስትጠልቅ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። ወደ ውሃው በሚመለስበት መንገድ ላይ መቆም አደገኛ ነው። መንገዱን ከእግሩ ምልክት ታውቁታላችሁ፤ በደንገሉ መሐል የተረገጠ ሰፊ ቦይ፣ ጭቃው ላይ አራት ጣት። ያንን ካያችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ፈቀቅ በሉ፤ ባይኖክላሩን አውጡና ዝም ብላችሁ ጠብቁ።